የበረኪና በሶብላ

ዘር ሻጩ "ውሃ ብቻ አይጣ እንጂ በሳምንቱ ብቅ ይላል" ብሏት ነበር። ሳምንቱ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። አፈሩ ገና አሁን እንደተነጠፈ አልጋ ለጥ ብሎ ተኝቷል። በረኪና በጠዋት ተነስታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ያስቀመጠችው የፕላስቲክ ሳህን ላይ አጎነበሰችና፣ "አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል? ምን ጎደለብህ?" አለችው። አፈሩን ነው እንግዲህ የምትቆጣው።

ምንም አልጎደለበትም፤ እንዲያውም ተርፎታል። ዘሩን ከመዝራቷ በፊት ቀኑን ሙሉ በረኪና በተበጠበጠበት ውሃ ዘፍዝፋዋለች። የት መጋዘን እንደከረመ፣ የስንት ሰው እጅ እንደነካው፣ አይጥ ይሂድበት አይሂድበት የማይታወቅ ነገር እንዴት ዝም ብሎ ቤት ይገባል? አፈሩንም በድስት ቀቅላዋለች። አዎ፣ አፈር። ክዳን ገጥማ፣ ሰዓት ይዛ፣ ሠላሳ ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለምን አልበቀለም ብላ ትገረማለች።

"በረኪና" እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራችው ሆስፒታል ውስጥ፣ የሕክምና ዕቃ የሚታጠብበትና የሚቀቀልበት ክፍል ነው። መቀሱም መቆንጠጫውም በእሷ እጅ አልፎ፣ በእንፋሎት ማሽን ተቀቅሎ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይወጣል። በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ሐኪም እንኳ "ይሄ አልጸዳም" ብሎ መልሶባት አያውቅም። ነርሶቹ ኮሪደሩ ላይ ብቅ ስትል "እትዬ በረኪና መጣች፣ እጃችሁን ታጠቡ!" ይባባላሉ። ስሙን መጀመሪያ ስትሰማው ደሟ ፈላ፤ ኋላ ለመደችው፤ ጡረታ ስትወጣ ኬክ ላይ ጽፈውት ሲያመጡላት እሷው ራሷ ከት ብላ ሳቀች።

ከዚያ ክፍል ይዛ የወጣችው ግን ስሙን ብቻ አይደለም። አፍንጫዋ እዚያው ቀርቷል። እንፋሎቱና በረኪናው ቀስ በቀስ ጨረሱት። አንድ ቀን የበረኪናውን ጠርሙስ ከፍታ አፍንጫዋ ሥር ብትይዘው ምንም የለም፣ ውሃ። ለማንም አልተናገረችም። ዕድሜውን በጽዳት የኖረ ሰው "አይሸተኝም" ቢል ማን ያምነዋል? ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር መጽዳቱን የምታረጋግጥበት መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ እንደገና ማጠብ።

ጡረታ ስትወጣ ያ ሁሉ ጉልበት የት ይሂድ? ቤቱ ላይ ወረደ። ሁለት መኝታ ክፍልና አንዲት ሳሎን በቀን ሁለቴ ይወለወላሉ። የበሩ እጀታ በአልኮል ይታሻል። የአባቷ ክፍል መስኮት ወደ መንገድ ስለሆነ፣ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር አቧራ ይገባል ብላ ዙሪያውን በነጭ የቁስል ፕላስተር አሸገችው። መስታወቱም የማያሳይ ዓይነት ነው፤ በዚያ ላይ አባቷ ዓይናቸውን ካጡ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። "እሳቸው እንደሆን አያዩበት፣ ምን ሊያደርግ ይከፈታል?" አለች። በክፋት አይደለም። ሒሳቡ ልክ መስሏት ነው።

አባቷ የከተማው መናፈሻ አትክልተኛ ነበሩ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም ግቢ ወዳለው ሰው ቤት ሲሄዱ ቅጠል በእጃቸው ዳብሰው ስሙን ይናገሩ ነበር። አሁን ግን አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ይውላሉ፤ ምግቡን ነካ ነካ አድርገው ይገፉታል፤ ሲጠየቁ "ደህና ነኝ" ነው መልሳቸው። እሷ ደግሞ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ከፈረቃ ስትመለስ የበር ድምፅ ሰምተው "ልጄ፣ መጣሽ?" የሚሏት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ባል የለ፣ ልጅ የለ። እሳቸው ከሌሉ ቤቱ ውስጥ የምታጸዳው ነገር ይኖራል እንጂ የምታወራው ሰው አይኖርም።

ታዲያ አንድ እሑድ ሌላ ከተማ የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ደወለ። ልብስ እየተኮሰች ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን አባቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

"አባባ፣ ምን አማረዎት? ምን ልላክልዎት?" አለ ልጁ።

"በሶብላ ማሽተት" አሉ።

"በሶብላ ብቻ? ቤቴ ቀለም እየተቀባ ነው፣ በሁለት ወር ያልቃል። ያኔ መጥቼ ልውሰድዎትና በረንዳውን ሙሉ በሶብላ ልትከልልዎት! እዚያ ቤት እኮ ሆስፒታል የተኙ ነው የሚመስሉት።"

በረኪና ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረስታው ቆመች። አባቷ "አይ፣ እዚህ ደህና ነኝ" እስኪሉ ጠበቀች።

"እናያለን" አሉ አባቷ።

የአባቷን "እናያለን" ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ጫማ ስትጠይቃቸው "እናያለን" ይላሉ፣ ጫማው ይገዛል። ሌላ ትምህርት ቤት ልግባ ስትላቸው "እናያለን" አሉ፣ ገባች። እሳቸው "እሺ" የሚሉት ለማያደርጉት ነገር ነው፤ "እናያለን" ካሉ አለቀ።

"በሶብላ ነው?" አለች ለራሷ፣ የተቃጠለውን ሸሚዝ እያነሳች። "በሶብላ ብርቅ ነው?"

በማግሥቱ ከገበያ አንድ ትልቅ እስር ገዝታ መጣች። እንደ ደንቡም አጠበችው፤ ምን ውስጥ እንዳጠበችው መናገር አያስፈልግም። አባቷ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ ፊታቸውን አኮማትረው፣ "ይሄ የሆስፒታል በሶብላ ነው" አሉ። ቀጥለውም፣ "እኔ ደግሞ የተቆረጠ አላልኩም። ሥር ኖሮት የቆመውን ነው። እጄን ሳሳልፍበት የሚሸተውን።"

ችግኝ ብትፈልግ ያን ሰሞን አልተገኘም፤ ያለው ዘር ብቻ ነበር። ከዘር ልታበቅለው ወሰነች፣ አባቷን ሳታማክር። የማማከሩን ነገርማ አታንሱባት። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ከመናፈሻው ያመጡላትን ችግኝ "ሥሩ ቆሽሿል" ብላ በሳሙና አጥባ ገድላዋለች፤ አባቷ ያንን ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያወሩ ሲስቁባት ነው ያደገችው። አሁን በዚህ ዕድሜዋ "አባባ፣ ዘር እንዴት ይዘራል?" ልትል? ሞታ ነው ቆማ! አብቅላ፣ ሳህኑን ይዛ ገብታ፣ "ይኸው፣ ያሽትቱ" ልትላቸው ነው ሐሳቧ።

የመጀመሪያው ሙከራ እንዴት እንዳለቀ አይተናል። የተቀቀለውን አፈር በከረጢት አድርጋ ለመጣል በጓሮው በር አጠገብ አስቀመጠችው። በሁለተኛው ራሷን አሻሻለች፤ በረኪናውን ተወችው። ዘሩን መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በብርጭቆ ዘፈዘፈችና መስታወት ልትወለውል ዞር አለች። ስትመለስ እያንዳንዷ ጥቁር ፍሬ ግራጫ ልጋግ ለብሳለች። ጣቷን ስትሰድ ተዝለገለገባት።

"ሻገተ!" ብላ ጮኸች። "ወይኔ! ያ ቀጣፊ ሻጋታ ሸጠልኝ!"

"ምኑ ነው የሻገተው?" አሉ አባቷ ከክፍላቸው።

"ምንም አይደለም አባባ፣ ዳቦ ነው!"

ዘሩን በጥጥ ጠቅልላ እዚያው መታጠቢያ ቤት ያለው ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ደግማ ታጠበች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ጨጓራዋን ላጡት። ቤቱ ራሱ የተማከረባት መሰላት። የዱቄት ወተቱ ባዶ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ጠፋ። አንድ ሹካ ጥርሱ ተጣሞ ተገኘ፤ "አባባ፣ በሹካ ምን ሲያደርጉ ነበር?" ብትል፣ "በላሁበት" አሏት። የመስኮቱ ፕላስተር ደግሞ ጫፍ ጫፉ እየተላቀቀ አስቸገራት። በየሁለት ቀኑ ታጣብቀዋለች፣ በየሁለት ቀኑ ይላቀቃል። "የዛሬ ዕቃ እንዲህ ነው! ለቁስል ቢለጥፉት ምን ሊሆን ነው?" ትላለች፤ አባቷ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ደስ ያላት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ውሃ መጠጣት ጀምረዋል። አልጋቸው አጠገብ የምታስቀምጠው ብርጭቆ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ባዶ ሆኖ ይጠብቃታል። እሱንም ቢሆን ለወንድሟ በስልክ ስትነግረው፣ "እሰይ! እኔ ጋ ሲመጡ ደግሞ ጭማቂ ይጠጣሉ" ብሎ ደስታዋን ቀማት።

በሦስተኛው ሙከራ ልጋጉን ድል ልታደርገው ተነሳች። እርጥብ ዘሩን በፋሻ አድርጋ አሸችው፣ እስኪጸዳ። ልጋጉ ወጣ፤ የዘሩም ቆዳ አብሮ ወጣ መሰለኝ። ያም ሆኖ ከሃምሳው ሁለቱ በቀሉ። እውነት ነው! ሁለት ቀጫጭን ግንድ፣ አናታቸው ላይ ሁለት ሁለት ቅጠል። በረኪና የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። አራት ቀን አባባለቻቸው። በአምስተኛው ቀን አፈሩ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ትንኝ አየች። አልኮል ነፋችባቸው። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ዝልፍልፍ ብለው ወድቀዋል።

ይሄኔ ነገሩ ከአቅሟ በላይ ሆነ። ወንድሟ "ቀለሙ ደርቋል፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ" ያለበት ቀን ነበር። የቀራትን ዘር በብርጭቆ ዘፍዝፋ፣ ልጋጉ እስኪወጣ ጠብቃ፣ አፉን በፋሻ አስራ ማስረጃዋን ይዛ ወደ ዘር ሻጩ ገሰገሰች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ተራ የሚሉትን ነገር አላየችም።

"ሻጋታ ነው የሸጥክልኝ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል የሠራሁ ሰው ነኝ፣ እኔን ማታለል አትችልም! ተመልከት!"

ሰውየው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ ብርጭቆውን ነካ ነካ አደረገ። "እትዬ፣ ይረጋጉ። ምኑ ነው ሻጋታው?"

"ይሄ ልጋግ!"

አንድ ቁንጥር ዘር ከከረጢቱ አነሳ፤ የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ጣለ። "ትንሽ ይቆዩ" አላት። ሴቶቹም አንገታቸውን አስግገው ያዩ ጀመር። ብዙም አልቆየ፤ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ ግራጫ ካፖርት ለበሱ።

"ልብሱ ነው" አለ። "ውሃ የሚይዘው በሱ ነው። የበሶብላ ዘር ሁሉ እንዲህ ነው። ይሄን ካልለበሰ ነው ሞቷል የሚባለው። እርስዎ ምን አደረጉት?"

"አሸሁት።"

"በምን?"

"በፋሻ" አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ።

"ውይ! ገላውን አጠቡት?" አለች አንደኛዋ ሴት፣ ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው። ሰውየውም ሳቀ። በረኪና ግን ፊቷ ደም መሰለ።

"ቢዘራ ለመሽተት ስንት ቀን ይፈልጋል?"

"ቢፈጥን ወር ተኩል።"

ወር ተኩል። እሷ ያላት እስከ ነገ ጠዋት ነው። እየሄደች ያ በጥጥ ጠቅልላ የጣለችው ዘር ትዝ አላት። ሕያው የነበረውን በገዛ እጇ ቅርጫት ውስጥ ጥላ፣ ከዚያ ደግሞ እጇን ሁለቴ ታጥባለች!

ቤት ገብታ የአባቷን ልብስ ማዘጋጀት ጀመረች። ስትናደድ እጇ ይፈጥናል፤ ስድስቱም ሸሚዞች ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ ታጥፈው ቦርሳ ገቡ።

"አባባ፣ ስድስቱንም ሸሚዝ አስገብቼዋለሁ።"

"እሺ።"

"ሹራቡንም።"

"እሺ ልጄ።"

ሌላ ነገር ይላሉ ብላ ትንሽ ቆመች። አላሉም። የመስኮቱ ፕላስተር ጫፉ ተላቅቋል፤ በመዳፏ ጫን አድርጋ መልሳ ለጠፈችውና ወጣች። ወጥ ቤት ገብታ የውሃ ቧንቧውን እስከመጨረሻው ከፍታ አለቀሰች።

ወንድሟ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደረሰ፤ የመኪናውን ሞተር እንኳ አላጠፋም። ቦርሳውን አንጠልጥሎ አባቱ ክፍል ገባ፣ ጎንበስ ብሎ ጉንጫቸውን ሳመ፣ እጃቸውን ሳመ። እጃቸውን እንደያዘ ቀና አለ።

"እትዬ! ተከልሽላቸው እንዴ? አባባ እጃቸው በሶብላ በሶብላ ይላል!"

"ቀልድ አላማረኝም" አለች በረኪና።

"ኧረ የምሬን ነው! ነይ አሽቺ!"

"አሸንፈህ ወስደሃቸው ደግሞ ታላግጥብኛለህ? እነዚህን ሁለት ወራት ምን ስሆን እንደከረምኩ ታውቃለህ? ዘር ሳጥብ፣ አፈር ስቀቅል፣ የሱቅ መሳቂያ ስሆን! ሂድ፣ ውሰዳቸው፣ በረንዳህን ሙሉ ትከልላቸው! ግን አታላግጥብኝ!"

አባቷ ቀስ ብለው ተነሱ። ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጥፍራቸውን ፕላስተሩ ጫፍ ላይ አግብተው፣ ብዙ ጊዜ እንዳደረገው ሰው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ላጡት፤ አንዱን መስታወት ሳብ አድርገው ከፈቱት።

በመስታወቱና በፍርግርጉ ብረት መካከል፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ የዱቄት ወተቱ ቆርቆሮ ቁጭ ብሏል። ሥሩ በሹካ ተበሳስቷል። ከላዩ ስንዝር ተኩል የሚሆን በሶብላ ቆሟል፤ ጫፍ ጫፉ ስለተቀነጠበ ወደ ጎን ተንሰራፍቷል። በመንገድ በኩል ያለው ቅጠል አቧራ ለብሷል። ብረቱ ላይ ጉንዳን ይሄዳል።

በረኪና አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች። መወልወያ ጨርቋ ከሽርጧ ኪስ መቼ እጇ ውስጥ እንደገባ አላወቀችም። አባቷ ኮቴዋን ሲሰሙ ዞር ብለው ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ከለሉት።

"አትጣይብኝ፣ ልጄ። አፈር ስሆን።"

ባለችበት ደርቃ ቀረች። በሕይወቷ አባቷ ሲለምኗት ሰምታ አታውቅም።

"'ሻገተ' ስትይ ሰምቼሽ ቅርጫቱ ውስጥ እጄን ሰደድኩ" አሉ። "ስነካው ለብሷል። ሕያው ነው። አፈሩን ከጓሮ በሩ ከረጢት በኪሴ እያደረግሁ አመጣሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ አጥበሽ ነው የምትመልሺልኝ።"

ወንድሟ ሳቅ ሊል አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አየና ዘጋው።

"የሚሄዱትም ለዚህ ነው?"

"ሰው በልጁ ቤት ተደብቆ እስከመቼ ውሃ ያጠጣል?" አሉ አባቷ። አልተቆጡም፤ ደክሟቸው ነው የተናገሩት። ከዚያ ቅጠሉን ዳበስ አድርገው ጣታቸውን ዘረጉላት። "ይልቅ አሽቺው።"

ተጠግታ አሸተተች። ምንም የለም። እንደገና ሳበች። ምንም።

"አይሸተኝም፣ አባባ።"

"ጠጋ በያ።"

"አይሸተኝም! በረኪናው ከጨረሰው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እርስዎ ይሽተቱ፣ ቤቱ ይሽተት፣ እኔ ልሽተት አላውቅም። መጽዳቱን የማውቅበት ነገር የለኝም። ስለዚህ ነው እኮ የማጥበው…"

አባቷ የዘረጉትን እጃቸውን መለሱ። "እኔ ደግሞ የምትጸየፊኝ መስሎኝ" አሉ።

ይህቺ ቃል ከሁሉም በላይ አንጀቷን በላችው። ጨርቁን ወለሉ ላይ ጣለችና ፕላስተሩን ያዘችው። ከላይ ጀምራ ቦጨቀችው፣ በጎን፣ ከታች፤ የግድግዳው ቀለም አብሮ ተልጦ መጣ፣ ግድም አልሰጣት። ሁለቱንም መስታወት እስከመጨረሻው ከፈተችው። አውቶቡስ አለፈ። አቧራው ገባና አሁን ገና የወለወለችው ወንበር ላይ ሲሰፍር በዓይኗ አየችው። ጥርሷን ነክሳ አሳለፈችው።

"አባባ፣ ይቆያሉ?" አለች።

አባቷ ፊታቸውን ወደ ንፋሱ እንዳዞሩ፣ "እናያለን" አሉ።

"ምኑን ነው የምናየው? መኪናው ሞተሩ እየሠራ ነው እኮ!" አለ ወንድሟ፣ ቦርሳውን ወደ በሩ እያነሳ። በረኪና ከእጁ ተቀበለችው፤ አልጋው ላይ አድርጋ ዚፑን ከፈተች። ስድስቱንም ሸሚዞች አንድ በአንድ አውጥታ፣ አቧራው እየነፈሰባቸው፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ መለሰቻቸው፤ ሳታጥባቸው።